ከኪሮሽ ጫፍ እንጀራ ይገኛልን?

ወደ አንድ የከተማ ቤት በእንግድነት ስንገባ ከሶፋው መደገፊያ፣ ከጠረጴዛው፣ ከቡፌውና ከቴሌቪዥኑ ላይ ነጭ ዳንቴል ተነጥፎ ማየት የተለመደ ነው። ንጽሕናውን እናደንቃለን፤ የባለቤቲቱንም ሙያ እናመሰግናለን። ነገር ግን ያ ዳንቴል ስንት ሰዓት እንደፈጀ፣ ለክሩ ስንት ብር እንደወጣበት፣ የሠራችውስ ሴት ምን ያህል እንደተከፈላት የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። ዋጋ ሲነገረን ግን «ምነው፣ ክር ብቻ እኮ ነው!» ለማለት ሁላችንም እንፈጥናለን።

ውድ እናቶችና እኅቶች፣ የዛሬው ዓምዳችን የሚያተኩረው በዚሁ ጉዳይ ላይ ነው። ይህን ዓምድ የማዘጋጀው ኑሮዬን ከምመራበት የኪሮሽ ንድፍ ሥራ ጎን ለጎን በመሆኑ፣ በዚህ ሰሞን ከሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ሁሉ ላካፍላችሁ እወዳለሁ። ከመሥሪያ ቤት ሲመለሱ ማታ ማታ ኪሮሽ የሚይዙም፣ ከቤት ሳይወጡ በዚሁ ሙያ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉም፣ ገና ለመማር የሚያስቡም የየድርሻቸውን እንደሚያገኙ ተስፋ አለኝ።

ስሙ ከየት መጣ?

ሁለቱም ስሞች የመጡልን ከፈረንሳይኛ ነው። ኪሮሽ የምንለው «ክሮሼ» ከሚለው ቃል የተገኘ ሲሆን ትርጉሙ ትንሽ ሜንጦ ማለት ነው። ዳንቴል ደግሞ «ትናንሽ ጥርሶች» ከሚል ቃል የወጣ ነው፤ የጠርዙን ጥርስ ጥርስ መምሰል ልብ ያለ ሰው ስሙ እንደሚስማማው ይረዳል።

ሹራብ በሁለት መርፌ ሲሠራ ብዙ ዓይኖች በአንድ ጊዜ መርፌው ላይ ይሰለፋሉ። መርፌው ሾልኮ ቢወጣ ሁሉም ለመተርተር ዝግጁ ናቸው። በኪሮሽ ግን አንዱ ዓይን ሳያልቅ ሌላው ስለማይጀመር፣ አብዛኛውን ጊዜ ክፍት የሚሆነው አንድ ዓይን ብቻ ነው። ስለዚህም ሕፃን ሲያለቅስ፣ ወጥ ሲገነፍል ወይም በር ሲንኳኳ ያንን አንዱን ዓይን ረዘም አድርጎ መተው ወይም በመርፌ ቁልፍ መያዝ ይበቃል። ሥራው ከሁለት ሰዓት በኋላም ሆነ ከሁለት ቀን በኋላ ከቆመበት ይቀጥላል። እናቶች ይህን ሙያ የወደዱት ያለ ምክንያት አይደለም።

ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ከመመቸቱ ነው። ሥራው በትርፍ ጊዜ፣ እየተነሡና እየተቀመጡ የሚሠራ በመሆኑ ሰዓቱ አይቆጠርም። ሰዓቱ ያልተቆጠረ ሥራ ደግሞ ዋጋው አይታወቅም።

ንድፍ ማውጣት ምን ዓይነት ሥራ ነው?

ብዙዎች ንድፍ ማውጣት ማለት የሚያምር አበባ በልብ ማሰብ ይመስላቸዋል። አበባውን ማሰብ ከሥራው ትንሹ ክፍል ነው። የቀረው መቁጠር፣ መለካት፣ መተርተርና መጻፍ ነው።

በመጀመሪያ በመረጥነው ክርና በመረጥነው ኪሮሽ ዐሥር በዐሥር ሳንቲ ሜትር የሚሆን ናሙና እንሠራለን። ናሙናው ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተተኩሶ ነው የሚለካው፤ የጥጥ ክር ከታጠበ በኋላ መጠኑ ሊለወጥ ይችላልና። ቀጥለን በዐሥር ሳንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ዓይን እንደገባ እንቆጥራለን። ለምሳሌ 20 ዓይን ከገባ፣ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላለው የጠረጴዛ ልብስ 120 ዓይን ያስፈልጋል ማለት ነው። ይህን ቆጠራ የዘለለች ሠሪ ከጠረጴዛው የጠበበ ወይም ወለል የሚጠርግ ልብስ ይዛ ትቀራለች።

ናሙናው ሌላም ጥቅም አለው። በወጥ ቤት ሚዛን ብንመዝነው ለጠቅላላው ሥራ ስንት ክር እንደሚያስፈልግ ይነግረናል። ናሙናው 8 ግራም ቢመዝን፣ ሥራው ደግሞ የናሙናውን ስፋት 36 ጊዜ የሚያክል ቢሆን፣ 288 ግራም ክር ይፈልጋል። በዚህ ላይ ለጠርዙና ለብክነት ጥቂት ጨምረን ክሩን ሁሉ በአንድ ቀን መግዛት ይገባል። ነጭ እንኳ ቢሆን በተለያየ ጊዜ የተነከረ ክር ቀለሙ ትክክል አይገጥምም። በመጠቅለያው ወረቀት ላይ የማቅለሚያ ቁጥር ካለ የሁሉም ድውር ቁጥር አንድ መሆኑን ተመልከቱ።

ፊደል፣ መስቀል ወይም ወፍ በዳንቴል ላይ ለማውጣት ለምትፈልጉ ደግሞ የልጆቻችሁ የሒሳብ ደብተር ትልቅ ረዳት ነው። ካሬ ባለው ወረቀት ላይ ሥዕሉን እያጠቆራችሁ ሣሉ። ያልጠቆረው ካሬ ባዶ መስኮት ይሆናል፤ የጠቆረው ካሬ በክር ይሞላል። እያንዳንዱ ካሬ ሦስት ዓይን ይወስዳል፤ በመጨረሻም መዝጊያ የሚሆን አንድ ዓይን ይጨመራል። ስለዚህ ወርዱ 20 ካሬ የሆነ ሥዕል 3 ጊዜ 20 ሲደመር 1፣ ይኸውም 61 ዓይን ይፈልጋል ማለት ነው።

የውጭ አገር የእጅ ሥራ መጽሔት እጃችሁ ቢገባ ቋንቋውን አናውቅም ብላችሁ አትጣሉት። ብዙዎቹ ሥራውን በምልክት ሥዕል ያስረዳሉ። ትንሽዋ ሞላላ ክብ ሰንሰለት ናት። የመደመር ወይም የማባዛት ምልክት የሚመስለው አጭር ዓይን ነው። የላቲን «ቲ» ፊደልን የሚመስለውና በአግድም አንድ ጭረት ያለበት ደግሞ ረጅም ዓይን ነው። እነዚህን ሦስቱን ያወቀች ሴት በጃፓን የታተመውን ንድፍ እንኳ አንብባ ልትሠራ ትችላለች።

የክብ ነገር

ከጀማሪዎች አፍ ዘወትር የምንሰማው ጥያቄ፣ «ክብ ዳንቴል ስሠራ አንድ ጊዜ እንደ ቆብ ይጎደጉዳል፤ ሌላ ጊዜ እንደ ጎመን ቅጠል ይጨማደዳል፤ ምን ላድርግ?» የሚል ነው። መልሱ በሒሳብ ነው።

በየሰፈሩ የዓይኖቹ ስም ስለሚለያይ በዚህ ዓምድ በሁለት ስሞች እንግባባ። አጭር ዓይን የምንለው፣ ኪሮሹን አስገብተን ክር ከሳብን በኋላ በኪሮሹ ላይ ያሉትን ሁለት ቀለበቶች በአንድ ጊዜ የምናወጣበትን ነው። ረጅም ዓይን ደግሞ አስቀድመን ክሩን አንድ ጊዜ በኪሮሹ ላይ ጠምጥመን፣ አስገብተንና ስበን፣ ሦስቱን ቀለበቶች በሁለት ጊዜ የምናወጣበት ነው።

በአጭር ዓይን ጠፍጣፋ ክብ ለመሥራት በስድስት ዓይን ይጀመራል፤ በየዙሩም ስድስት ዓይን ይጨመራል። ይህም 6፣ 12፣ 18፣ 24 እያለ ይሄዳል። በረጅም ዓይን ከሆነ በዐሥራ ሁለት ተጀምሮ በየዙሩ ዐሥራ ሁለት ይጨመራል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የአጭሩ ዓይን ቁመትና ወርድ ተቀራራቢ ሲሆኑ የረጅሙ ቁመት የወርዱን እጥፍ ያህል ነው። ዙሩ በአንድ ጊዜ ብዙ ከሰፋ ዙሪያውን የሚሸፍነው ዓይንም በዚያው መጠን መብዛት አለበት። ከዚህ ካነሰ ሥራው ይጎደጉዳል፤ ከበዛ ይጨማደዳል።

ይህንን መጨማደድ ለትልቅ ቁም ነገር ያዋሉ ሴትም አሉ። የላትቪያ ተወላጅ የሆኑት የሒሳብ ምሁር ዳይና ታይሚና እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሲሠሩ፣ ተማሪዎች በሐሳብ ለመሳል የሚቸገሩበትን «ሃይፐርቦሊክ» የተባለ የጂኦሜትሪ ገጽ በኪሮሽ ሠርተው አሳዩ። ከዚያ በፊት ከወረቀት ይሠራ የነበረው ሞዴል ቶሎ ይቀደድ ነበር። እርሳቸው ያደረጉት በየመደዳው በአንድ ዓይነት ምጣኔ ዓይን መጨመር ብቻ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላም፣ እ.ኤ.አ. በ2005፣ ማርጋሬትና ክሪስቲን ወርትሃይም የተባሉ የአውስትራሊያ ተወላጅ መንትያ እኅትማማቾች ይህንኑ ብልሃት ይዘው፣ በባሕር መሞቅ የሚጎዳውን የባሕር ሥር ኮራል የሚመስል ሥራ በሎስ አንጀለስ ጀመሩ። በብዙ ከተሞች የሚገኙ በሺህ የሚቆጠሩ እጆች የተሳተፉበት ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2019 በቬኒስ ታላቅ የሥነ ጥበብ ትርዒት ላይ ቀርቧል። እኛም በቡናችን ሰዓት የምንሠራው ሥራ ዩኒቨርሲቲና የሥነ ጥበብ አዳራሽ የገባ መሆኑን ማወቃችን አንገታችንን ቀና ያደርገዋል።

የሙሽራዋ አልጋ ልብስ

አሁን ወደ ጠረጴዛዬ ልመለስ። በዚህ ሰሞን አንዲት እናት ለምትድረው ልጃቸው የአልጋ ልብስ እንድሠራ ጠየቁኝ። የመረጡት እያንዳንዱ አበባ ለብቻ ተሠርቶ በኋላ የሚገጣጠመውን ዓይነት ነው። በወርዱ 12፣ በቁመቱ 14 አበባ ስለሚያስፈልግ ጠቅላላው 168 አበባ ይሆናል። አንዱን አበባ ሠርቼ በሰዓት ብለካው 35 ደቂቃ ወሰደብኝ። 168 ጊዜ 35 ደቂቃ 98 ሰዓት ነው። ማገጣጠሙን፣ የክር ጫፍ መደበቁን፣ ጠርዙን፣ ማጠቡንና መተኮሱን 22 ሰዓት ብናደርገው በድምሩ 120 ሰዓት ይደርሳል። በቀን ሦስት ሰዓት የምትሠራ ሴት 40 ቀን ይፈጅባታል ማለት ነው።

እናቲቱ ለመክፈል ያሰቡት ገንዘብ ለእነዚህ ሰዓታት ሲካፈል ክሩን እንኳ በቅጡ የሚሸፍን አልነበረም። ክፉ ሴት ሆነው አይደለም። ሰዓቱን የነገራቸው ሰው ስላልነበረና ሱቅ ውስጥ ከተሰቀለው የፋብሪካ አልጋ ልብስ ጋር ስላስተያዩት ነው። ሒሳቡን በወረቀት ላይ ጽፌ ሳሳያቸው፣ «ልጄ፣ ይህን ያህል መሆኑን ከየት ላውቅ?» አሉኝ።

በዚህ ጊዜ ከፊታችን ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ደንበኛ እንዳይቀር ብሎ ዋጋውን መስበር ነው። ይህ መንገድ የሚጎዳው ዋጋውን የሰበረችውን ብቻ አይደለም፤ ነገ ያው ሥራ የሚቀርብላትን ጎረቤቷንም ነው። ሁለተኛው መንገድ የሰዓቱን ክፍያ ሳይነኩ ንድፉን ከቦርሳው ጋር ማስማማት ነው። እኔም ለእናቲቱ ሌላ ሐሳብ አቀረብኩላቸው፤ ከገበያ በሚገዛ ጥሩ ነጭ አንሶላ ላይ ሰፊ የዳንቴል ጠርዝ፣ ከርሱም ጋር አንድ ዓይነት አበባ ያላቸው ሁለት የትራስ ልብሶች። ሥራው 18 ሰዓት ይፈጃል። ገንዘባቸው በቃ፤ እኔም ለሰዓቴ ተገቢውን አገኘሁ፤ ሙሽራዋም በየሳምንቱ አጥባ የምታነጥፈው ነገር ይኖራታል።

ሙሉውን አልጋ ልብስ የሚያዝዝ ሰው ሲገኝ ደግሞ ሥራውን ተከፋፍሎ መሥራት ይቻላል። ይህ ዘዴ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ በአየርላንድ የድንች ሰብል በበሽታ ጠፍቶ ጽኑ ረኃብ በሆነበት ዘመን፣ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ሲያልቅ ሌላ ሚሊዮን ያህል ደግሞ አገሩን ጥሎ ተሰደደ። በዚያን ጊዜ ኪሮሽና ክር ለብዙ ቤተሰቦች የመትረፊያ መንገድ ሆኑ። በኮርክ አካባቢ መነኮሳት በገዳማቸው ሴቶችን አስተማሩ፤ በክሎንስ ከተማ ደግሞ የቄስ ባለቤት የነበሩት ካሳንድራ ሃንድ ሙያውን አስፋፉ። ኤሌኖር ሪዬጎ ደ ላ ብራንሻርዲዬር የተባሉት ንድፍ አውጪም ከ1840ዎቹ ጀምረው በርካታ የሥራ መመሪያ መጻሕፍት እያሳተሙ አወጡ። የአየርላንድ ሴቶች አንዷ ጽጌረዳውን፣ ሌላዋ ቅጠሉን፣ ሦስተኛዋ ማገጣጠሙን እየያዘች ይሠሩ ነበር። አንድን አበባ ደጋግማ የምትሠራ እጅ ትፈጥናለች፤ ሥራዋም ይጠራል።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ! አራት ጎረቤታሞች ለእያንዳንዱ አበባ የሚከፈለውን አስቀድመው ተስማምተው፣ አንድ ዓይነት ክርና አንድ ቁጥር ኪሮሽ ይዘው ቢነሡ፣ የ40 ቀኑ ሥራ በዐሥር ቀን ገደማ ሊያልቅ ይችላል። ነገር ግን የአራቱም እጅ እኩል ስለማይጠብቅ ከሁሉ አስቀድሞ አራቱም አንድ አንድ አበባ ሠርተው ደራርበው ያስተያዩ። እጇ የሚጠብቅባት በቁጥር ከፍ ያለ ኪሮሽ፣ እጇ የሚላላባት ቀጠን ያለ ትያዝ።

የሥራን ዋጋ እንዴት እናውጣ?

የሚከተለው ስሌት አሠራሩን ለማሳየት ያህል የቀረበ ነው፤ ቁጥሩን እንደየአካባቢያችሁ ገበያ ለውጡት። ለአንድ ቦርሳ ክሩ 250 ብር ወጣበት እንበል። ለመጓጓዣና ለሌላ ጥቃቅን ወጪ 30 ብር እንጨምር። ሥራው 6 ሰዓት ፈጀ፤ በ700 ብርም ተሸጠ። ከ700 ላይ 280 ሲቀነስ 420 ብር ይቀራል። ለ6 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 70 ብር ነው።

አሁን ገዢዋ ተከራክራ 200 ብር አስቀነሰች እንበል። ለርሷ የቀነሰላት ከዋጋው አንድ ሦስተኛ እንኳ አይሞላም። ለሠሪዋ ግን የቀራት 220 ብር ነው፤ በሰዓት ወደ 36 ብር ከ67 ሳንቲም ይወርዳል። የክሩ ዋጋና መጓጓዣው ስለማይቀንሱ ቅናሹ በሙሉ የሚወድቀው በጉልበቷ ላይ ነው። እነሆ፣ 200 ብር የድካሟን ግማሽ ያህል ወሰደባት። እኅቶች ሆይ፣ ዋጋ ስትቀንሱም ሆነ ስታስቀንሱ ይህን ስሌት አስታውሱ።

ሌላም መዘንጋት የሌለበት ነገር አለ። እውነተኛውን የኪሮሽ ዓይን በማሽን ለመሥራት ሙከራዎች ቢደረጉም፣ በገበያ ላይ የምናየው እውነተኛ የኪሮሽ ሥራ የሰው እጅ ውጤት ነው። ማሽን የሚያወጣው አብዛኛውን ጊዜ ኪሮሽ የሚመስል ሌላ ዓይነት ሹራብ ነው። እንግዲህ በትልልቅ ሱቆች ውስጥ እጅግ ረክሶ የተሰቀለ እውነተኛ የኪሮሽ ቀሚስ ስናይ፣ «የሠራችው እጅ ምን አገኘች?» ብለን መጠየቅ ይገባናል። ክር በርካሽ ቢገዛም የሴት ዓይንና ጣት በርካሽ አይገዙምና።

ትእዛዝ ስትቀበሉ እነዚህን ፈጽሙ። የሥራውን ልክ፣ ቀለም፣ ዋጋና የሚያልቅበትን ቀን በወረቀት ጻፉ። አንድ ናሙና አሳዩ። ቢያንስ ክሩን የሚሸፍን ቀብድ ተቀበሉ። ሰዓታችሁንም በደብተር መዝግቡ፤ ግማሽ ሰዓት ቢሆንም ይጻፍ። ከሦስት ወር በኋላ ያ ደብተር ከማንም ምክር ይልቅ ይጠቅማችኋል።

የሳምንቱ ሥራ፦ የገበያ ቦርሳ

ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅ በ2017 ዓ.ም. በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከጸደቀ ወዲህ የሚታጠብና ለዓመታት የሚያገለግል ቦርሳ ፈላጊው ቢበዛ አያስገርምም። ይህች የመረብ ቦርሳ ባዶ ስትሆን በኪስ ትገባለች፤ ስትሞላ ደግሞ ብርቱካኑንም ድንቹንም ጎመኑንም ትይዛለች።

የሚያስፈልገው፦ መካከለኛ ውፍረት ያለው ጠንካራ የጥጥ ክር፣ 3.5 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ፣ መቀስና ዓይኑ ሰፊ የሆነ መርፌ ነው።

መቀመጫው፦ በስድስት አጭር ዓይን ጀምሩ። በየዙሩ ስድስት እየጨመራችሁ እስከ ዐሥረኛው ዙር ዝለቁ። በዐሥረኛው ዙር መጨረሻ 60 ዓይን ሊኖራችሁ ይገባል። ካልሞላ ወይም ከተረፈ እዚሁ ላይ አስተካክሉ።

መረቡ፦ አምስት ሰንሰለት ሥሩ፤ ሁለት ዓይን ዝለሉ፤ በሦስተኛው ላይ አጭር ዓይን አስገቡ። ዙሩን እንዲህ ስትጨርሱ 20 ቅስቶች ታገኛላችሁ። ከዚያ በኋላ በየዙሩ አምስት ሰንሰለት እየሠራችሁ በቀጣዩ ቅስት መካከል ላይ አጭር ዓይን ያዙ። የመረቡ ቁመት 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ እስኪሆን ቀጥሉ።

አፉ፦ በእያንዳንዱ ቅስት ውስጥ ሦስት አጭር ዓይን ሥሩ፤ ድምሩ እንደገና 60 ይሆናል። ሳትጨምሩና ሳትቀንሱ ሦስት ዙር በላዩ ድገሙ።

ማንገቻው፦ በ6 ዓይን ላይ ብቻ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሳችሁ በአጭር ዓይን 45 ሳንቲ ሜትር ሥሩ። ከማንገቻው ሥር ጀምራችሁ 24 ዓይን ቆጥራችሁ እለፉ፤ በሚቀጥሉት 6 ዓይኖች ላይ የማንገቻውን ጫፍ በደንብ ስፉት። በሌላው ጎንም 24 ዓይን ይቀራል፤ ስለዚህ ማንገቻው በትክክል መሐል ለመሐል ይውላል። የጥጥ ክር ሸክም ሲይዝ ስለሚሳብ ማንገቻው ያጠረ ቢመስላችሁም አታስረዝሙት።

አጫጭር ምክሮች

ዳንቴል ቀጥ ብሎ እንዲቆም በስኳር ውሃ የሚነክሩ አሉ። ያጠነክረዋል፤ ግን ጉንዳን ይጠራል። ከበቆሎ የተዘጋጀ ስታርች በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣችሁ፣ እሳት ላይ እያማሰላችሁ እስኪወፍርና ጥርት እስኪል አፍሉት። ሲበርድ ዳንቴሉን ነክራችሁ ጨምቁትና በንጹሕ ፎጣ ላይ ወጥራችሁ በመርፌ ቁልፍ ያዙት። እስኪደርቅ ድረስ አታንሡት።

ቡና የፈሰሰበትን ዳንቴል ሳትዘገዩ ከጀርባው በኩል ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱበት፤ ከዚያም በሳሙና እጠቡት። እያሻሹ ማጠብ ክሩን ያጎፍራል፤ መጫን ይሻላል።

ለሕፃን ኮፍያ፣ ካልሲ ወይም ብርድ ልብስ ስትሠሩ ቀዳዳው የጠበበ አሠራር ምረጡ። በሰፊ ቀዳዳ ውስጥ ትንሽ ጣት ገብታ ልትያዝ ትችላለች። ከውስጥ በኩል የተንጠለጠለ ክር አትተዉ፤ በጣት ላይ ተጠምጥሞ ደም ሊያግድ ይችላል። ሕፃኑ ነቅሎ ሊውጠው የሚችለውን ዶቃና አዝራር፣ በአንገት ላይ የሚታሰር ረጅም ማሰሪያም አስወግዱ።

ስለ ራሳችሁም አስቡ። ሥራውን ወደ ዓይናችሁ አቅርቡት እንጂ አንገታችሁን ወደ ሥራው አትድፉ። መብራቱ ከምትሠሩበት እጅ በተቃራኒው ጎን ይሁን። በየግማሽ ሰዓቱ ተነሡ፤ ጣታችሁን ዘርጉ፤ በመስኮት ሩቅ ተመልከቱ። የመደንዘዝ ወይም የመውጋት ስሜት በእጃችሁ ላይ ከተደጋገመ ሥራውን አቁማችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ጥቁር ክር በቀን ብርሃን፣ ነጩ ደግሞ ማታ ቢሠራ ለዓይን ይቀላል።

በመጨረሻም የርእሳችንን ጥያቄ እንመልስ። ከኪሮሽ ጫፍ እንጀራ ይገኛል፤ የሚገኘው ግን ዓይኑን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱንም ለምትቆጥር ሴት ነው። በዚህ ሳምንት ኪሮሽ የምትይዙ ሁሉ አንድ ደብተር አዘጋጁና የጀመራችሁበትንና ያቆማችሁበትን ሰዓት መጻፍ ጀምሩ። በሚቀጥለው ሳምንት የዚችኑ ቦርሳ ታናሽ እኅት፣ ይኸውም ለተማሪ ምሳ ዕቃ የምትሆነውን ይዤላችሁ እቀርባለሁ።

እስከዚያው ቸር እንሰንብት።